ጎርፉ ሳይደርስ ወሬው ይድረስ

(ክረምት ከመግባቱ በፊት በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ለአጥቢያ መሪዎች፣ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ በወንዝ ላይ ተተክሎ የጎርፍን ወሬ በሬዲዮ ስለሚልክ ትንሽ መሣሪያ ነው። ርእሱን የሰማ ሰው «ይህ የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን ያገባናል?» ሊል ይችላል። ይሁን እንጂ በዚህ ሰፈር ቆመን ስለ ሬዲዮ ብንነጋገር ከስማችን አልራቅንም። ቀድሞ አባቶቻችን ሽቦ ሳይዘረጋለት ወሬ የሚያደርሰውን መሣሪያ «የነፋስ ስልክ» ይሉት ነበር፤ ሰፈራችንም ንፋስ ስልክ የተባለው በዚህ በኩል ከነበረው የሬዲዮ ጣቢያ የተነሣ ነው። የዚያን ዘመን ጣቢያ ረጅም ምሰሶና ብዙ ኃይል ይፈልግ ነበር። ዛሬ የምናገርለት ግን በእጅ መዳፍ ላይ ይቀመጣል፤ በጥቂት ባትሪ ድንጋይም ለዓመታት ሊሠራ ይችላል።

በመጀመሪያ ጎርፍ እንዴት እንደሚደርስብን፣ ቀጥሎ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ፣ በመጨረሻም ከእኛ ከሰዎች የሚፈለገው ምን እንደ ሆነ እናገራለሁ። የመጨረሻው ክፍል ከሁሉ ይበልጥብኛልና በትዕግሥት እንድታዳምጡኝ እለምናለሁ።

1. ዝናቡ እዚያ፣ ጎርፉ እዚህ

አዲስ አበባ በተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በሰሜን የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋል፤ በደቡብ አቃቂና አባ ሳሙኤል ዘንድ ስንደርስ መሬቱ ወደ 2100 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ትንሹ አቃቂ ከምዕራብና ከሰሜን ምዕራብ ከፍታዎች ተነሥቶ፣ በኮልፌ በኩል አልፎ፣ መካኒሳንና ላፍቶን አቋርጦ ወደ አባ ሳሙኤል ይሄዳል። በየመንገዱም ከየሰፈሩ የሚወርደው ጅረትና ቦይ ይቀላቀለዋል። በበጋ ልጆች ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጡ የሚሻገሩት ውኃ በሐምሌና በነሐሴ ሌላ ወንዝ ይሆናል።

የውኃውን ብዛት ለመገመት አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። በአንድ ካሬ ሜትር ቦታ ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውኃ ነው። በአንድ ሄክታር ጣራና አስፋልት ላይ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 300 ሺህ ሊትር ይሆናል፤ ይህም 10 ሺህ ሊትር በሚይዝ ቦቴ ሲቆጠር 30 ቦቴ ነው። ቀድሞ ይህን ውኃ አፈርና ሣር ይመጡት ነበር። አሁን ቆርቆሮና ሲሚንቶ ያለ አንዳች መዘግየት ወደ ቦይ፣ ቦዩም ወደ ወንዝ ያወርደዋል። ቦዩ በፕላስቲክ ጠርሙስና በፌስታል ተደፍኖ ከቆየ ደግሞ ውኃው በሰው ደጅ መንገድ ይሠራል።

ከዚህ የሚከተለውን ልብ በሉ። በላፍቶ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በላይኛው ሰፈር ከባድ ዝናብ ሊጥል ይችላል። ከታች ያለው ሰው ደመና አላየም፤ ጣራው አልጮኸም፤ ስለዚህ ተኝቷል።

ይህ በአገራችን ምን እንዳመጣ እናውቃለን። በ1998 ዓ.ም. የሐምሌ ወር መጨረሻ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በነሐሴ 2006፣ በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ። ደቻቱ በአብዛኛው ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ዝናቡ የወረደው በላይኛው ደጋ ሲሆን ጎርፉ የደረሰው ሕዝቡ በተኛበት በሌሊት ነበር። በዚያው ክረምት በደቡብ ኦሞ የኦሞ ወንዝ ከአልጋው ወጥቶ በዳሰነች ብዙ መቶ ሰዎችን ፈጀ። በራሳችንም ከተማ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በአንድ ቀን በወረደ ድንገተኛ ጎርፍ ሰባት ሰዎች ሞተዋል።

እንግዲህ በዝናቡና በጎርፉ መካከል ያለውን ጊዜ እንመልከት። ሞልቶ የሚወርድ ወንዝ በሴኮንድ ሁለት ሜትር ቢሄድ በሰዓት ከሰባት ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ከላይ 10 ኪሎ ሜትር ርቆ የተነሣ ጎርፍ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ከአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው ማለት ነው። በሴኮንድ ሦስት ሜትር ቢሮጥ እንኳ 55 ደቂቃ ያህል ይወስድበታል። በ55 ደቂቃ አንዲት እናት ልጆቿን ቀስቅሳ፣ አሮጊት አማቷን ደግፋ፣ መታወቂያዋንና የልጆቿን የክትባት ካርድ ይዛ ወደ ከፍተኛው መንገድ ልትወጣ ትችላለች። ለዚህም ወሬው ከውኃው መቅደም አለበት።

2. ጥቂት ኃይል፣ ረጅም ርቀት፣ አጭር ቃል

ወሬውን በሞባይል መላክ አይቻልም ወይ ትሉ ይሆናል። ይቻላል፤ በብዙ አገርም ይደረጋል። ነገር ግን ለእያንዳንዱ መሣሪያ ሲም ካርድና ወርሐዊ ክፍያ ያስፈልጋል፤ የሞባይል ሬዲዮም ባትሪ ይበላል። ከዚህም ሌላ በከባድ ዝናብ ጊዜ መብራት ይጠፋል፤ ኔትወርክም ብዙ ጊዜ አብሮ ይዳከማል። ስለዚህ ብዙዎች ሎራ ወደሚባለው የሬዲዮ ዘዴ ተመልክተዋል። ሎራ የሚለው ስም ከእንግሊዝኛው «ረጅም ርቀት» ከሚለው ቃል አጥሮ የመጣ ነው። ዘዴውን የሠራው በፈረንሳይ አገር በግሬኖብል ከተማ የነበረ ሲክሌዮ የተባለ ትንሽ ኩባንያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ሴምቴክ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ገዛው። በዚህ ዘዴ ላይ የቆመውን ሎራዋን የተባለውን የግንኙነት ሥርዓት ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2021 ከደረጃዎቹ አንዱ አድርጎ ተቀብሎታል።

አሠራሩን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። በደጋ አገር ያደጋችሁ ሰዎች አንዱ ገበሬ ከወዲያኛው ሸንተረር ላይ ቆሞ በወዲህኛው ያለውን ጎረቤቱን ሲጠራ ሰምታችኋል። ገደሉን አሻግሮ ታሪክ አይተርክም። ድምፁን ያረዝማል፤ ቃሉን ያሳጥራል፤ ቀስ ብሎ፣ ስሙን እየጎተተ ይጠራል። በፍጥነት ቢናገር ነፋሱ ቃሉን ይበትንበት ነበር። ሎራም እንደዚሁ ነው። አጭር ቃልን በረጅም ጥሪ ያሰማል።

ጥሪውም ከታች ወደ ላይ እየቀጠነ እንደሚወጣ ፉጨት ነው። ተቀባዩ የፉጨቱን መልክ አስቀድሞ ስለሚያውቀው በብዙ ጫጫታ መካከል ለይቶ ያገኘዋል። እንዲያውም የሬዲዮው ጉልበት በዙሪያው ካለው ሁካታ በታች ሆኖ ሳለ እንኳ ሊሰማ ይችላል። በገበያ መካከል የገዛ ልጇን ልቅሶ ለይታ የምትሰማ እናት ምሳሌ ትሆነናለች።

ቁጥሩን ለሚወዱ ሠራተኞቻችን ጥቂት ልጨምር። በአውሮፓ የተለመደው የሎራ መሣሪያ የሚያወጣው ኃይል 25 ሚሊ ዋት ያህል ነው። የቀድሞው ዐይነት የእጅ ስልክ እስከ ሁለት ዋት ያወጣ ነበር፤ ይህም ሰማንያ እጥፍ መሆኑ ነው። በዚህ ትንሽ ኃይል ቃሉ በከተማ ውስጥ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ኪሎ ሜትር፣ በገላጣ አገር ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። አንቴናው ከፍ ባለ መጠን ርቀቱ ይጨምራል፤ ኮረብታና የሲሚንቶ ሕንፃ ደግሞ ይቀንሱታል።

ስለ ባትሪው እንመልከት። የውኃውን ከፍታና የባትሪውን ጉልበት ብቻ የያዘ አጭር መልእክት እጅግ በተጎተተው ጥሪ ለመላክ አንድ ሴኮንድ ተኩል ያህል ይወስዳል። በየ15 ደቂቃው አንድ ጊዜ ቢላክ በቀን 96 መልእክት ይሆናል። ይህ ሁሉ ሲደመር መሣሪያው በ24 ሰዓት ውስጥ የሚናገረው ከሁለት ደቂቃ ተኩል ላነሰ ጊዜ ነው፤ ከመለካትና ከመናገር የተረፈውን ጊዜ ሁሉ ይተኛል። ባትሪው የሚቆይበት ምሥጢር ይኸው ነው።

የማይችለውንም እንወቅ። ሎራ የሰው ድምፅ አያስተላልፍም፤ ፎቶግራፍና ፊልም አይልክም። ብዙ መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ ከጮኹም ቃላቸው ይጋጫል። «ውኃው ይህን ያህል ደርሷል» የሚል አጭር ቃል ብቻ ነው የሚያደርሰው። ለእኛም የሚያስፈልገን እርሱ ነው።

3. በወንዙ ላይ ቢተከል

መለኪያውን በውኃው ውስጥ መቅበር በእኛ ወንዞች አያዋጣም። ደለልና ቆሻሻ ይቀብረዋል፤ ጎርፉም ነቅሎ ይወስደዋል። የሚሻለው በድልድይ ሆድ ሥር ማንጠልጠል ነው። መሣሪያው ጆሯችን የማይሰማው ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ ድምፁ ውኃው ላይ ነጥሮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይቆጥራል። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ድምፁ በሃያ ሺኛ ሴኮንድ፣ ማለት ከአንድ ሴኮንድ ሺህ ክፍል በሃያው፣ ከተመለሰ ውኃው ከድልድዩ ሥር 3 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ርቆ አለ ማለት ነው። የሚመለስበት ጊዜ ሲያጥር ውኃው ከፍ ብሏል።

በዚያው አጠገብ የዝናብ መለኪያ ቢኖር መልካም ነው። የወንዙ ከፍታ ብቻውን አያስተማምንም፤ ከድልድዩ ሥር የተሰካ ግንድ ወይም የቆሻሻ ክምር ውኃ መስሎ መሣሪያውን ሊያሳስተው ይችላል። ሁለት ምስክሮች ሲስማሙ ግን ማስጠንቀቂያው ይታመናል። ከከፍታውም ይልቅ የአወጣጡን ፍጥነት መመልከት ይገባል። በአንድ ቀን ግማሽ ሜትር የጨመረ ወንዝና በአሥር ደቂቃ ግማሽ ሜትር የጨመረ ወንዝ አንድ አይደሉም። ስለዚህ መሣሪያው በደህናው ቀን በየ15 ደቂቃው፣ ውኃው መነሣት ሲጀምር በየደቂቃው እንዲለካ ይደረጋል።

ቃሉን የሚሰማው ተቀባይ ጣቢያ ከፍ ባለ ጣራ ላይ ይቀመጣል። እርሱ እንደ ወንዙ መሣሪያ በጥቂት ባትሪ ድንጋይ አይሠራም፤ መብራት ያስፈልገዋል፤ መብራት ሲጠፋ የሚተካው ትልቅ ባትሪም እንዲሁ። አንድ ነገር በብርቱ አሳስባለሁ። የሰፈሩ ሳይረን የኢንተርኔት መስመርን የሚጠብቅ መሆን የለበትም። ኢንተርኔቱ ቢቋረጥም ተቀባዩ ጣቢያ በቀጥታ ሳይረኑን እንዲያስጮኽ ሆኖ ይሠራ። ጎርፍ የሚመጣው መስመሩ በሚቋረጥበት በዚያው ሌሊት ነውና።

የሬዲዮ ሞገድ የአገር ሀብት ስለ ሆነ በየትኛው ሞገድና በምን ያህል ኃይል እንደሚሠራ አስቀድሞ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን መጠየቅ ግዴታ ነው። ከውጭ በስጦታ የመጣ መሣሪያ ሁሉ እዚህ የሚፈቀድ አይምሰለን፤ በአውሮፓ 868 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ በአሜሪካ 915 ሜጋኸርዝ አካባቢ ስለሚሠሩ በመልክ አንድ የሆኑት እንኳ ይለያያሉ። የሚለካውም ቁጥር ለኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትና ለአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን እንዲደርስ ማድረግ ይገባናል። እኛ የመንግሥትን ማስጠንቀቂያ የምናግዝ እንጂ የምንተካ አይደለንም።

4. ዝምታ ደህንነት አይደለም

እስካሁን ስለ መሣሪያው ተናገርሁ። አሁን ወደ ከባዱ ነገር እመጣለሁ።

መሣሪያ ሲተከል ሕዝቡ ያርፋል። ቀድሞ ሌሊት ተነሥቶ ወንዙን ያይ የነበረው ሰው «አሁን ማሽን አለ» ብሎ ይተኛል። ማሽኑ ግን ባትሪው አልቆ፣ ሸረሪት አድርቶበት፣ ወይም ሌባ ነቅሎት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ከወንዙ የሚመጣው ዝምታ የደህንነት ዝምታ ይመስላል። ስለዚህ ሞቶ ዝም ያለ መሣሪያ ከነጭራሹ ካልተተከለው የባሰ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ መሣሪያው ጎርፍ ባይኖርም በየጊዜው «አለሁ» እንዲል ይደረግ። ለአንድ ሰዓት ያህል «አለሁ» ካላለ ዝምታው ራሱ እንደ ማስጠንቀቂያ ተቆጥሮ ሰው ሄዶ ይመልከተው። ሁለተኛ፣ በድልድዩ ምሰሶ ላይ በቀለም የሜትር ምልክት ይጻፍ። ተረኛው በሳምንት አንድ ቀን ሄዶ በዐይኑ ያየውን መሣሪያው ከላከው ጋር ያስተያይ፤ በመዝገብም ይጻፍ። ይህ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ከክረምት እስከ ክረምት ሳይቋረጥ የሚሠራው ሰው ካልተገኘ መሣሪያውን ባንተክል ይሻላል።

የሐሰት ማስጠንቀቂያም ሌላ አደጋ ነው። ሳይረኑ ሦስት ሌሊት በከንቱ ከጮኸ በአራተኛው ማንም ከአልጋው አይነሣም። ስለዚህ በመጀመሪያው ክረምት ወንዙን መለካትና ጠባዩን መማር ይቅደም፤ በዚያ ክረምት የሰው ጥበቃ እንደ ወትሮው ይቀጥል። ሳይረኑ የሚጮኽበት ልክ ከዚያ በኋላ፣ ወንዙን ለብዙ ዓመት ከሚያውቁ ሽማግሌዎችና እናቶች ጋር ተመክሮ ይወሰን። በየትኛው ዓመት ውኃው እስከየትኛው ቤት ደፍ እንደ ደረሰ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

5. የላይኛው ሰው ለታችኛው

የላፍቶን ሰው የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ የሚተከለው በላፍቶ አይደለም። እዚህ ብንተክለው ጎርፉ ከደረሰ በኋላ መድረሱን ይነግረናል። መተከል ያለበት ከላይ፣ በሌላ ክፍለ ከተማ፣ እኛን በማያውቁን ሰዎች ሰፈር ነው። እዚያ ያለው ሰው መሣሪያውን ቢጠብቅ ለራሱ የሚያገኘው ጥቅም እምብዛም የለም። ልጆቹ ድንጋይ እንዳይወረውሩበት ቢከለክል፣ የሚነቅለውን ሌባ ቢያባርር፣ የሚድነው ሌላ ሰው ነው።

ስለዚህ ከላይ በኮልፌ በኩል ካሉ አጥቢያዎችና እድሮች ጋር ሳንነጋገር አንድም መሣሪያ መግዛት የለብንም። ከእኛም በታች በአቃቂ በኩል ያሉ ሰዎች እንዳሉ አንርሳ። እኛ ለላይኞቹ የታችኛው ሰው ነን፤ ለአቃቂ ሰዎች ደግሞ የላይኛው እኛው ነን። በእኛ ድልድይ ላይ ለእነርሱ የሚጠቅም መሣሪያ ቢተከል በታማኝነት እንጠብቀዋለን ወይ? ከደጃችን ጠርገን ወደ ቦይ የምንጥለው ቆሻሻስ በማን ደጅ ላይ ጎርፍ ይሆናል? ፍቅረ ቢጽ የምንለው ነገር እዚህ ላይ በሥራ ይፈተናል።

6. የመጨረሻው መቶ ሜትር

ሬዲዮው ቃሉን አሥር ኪሎ ሜትር አድርሶ ጣራችን ላይ ያቆመዋል። ከጣራው እስከ ሰው አልጋ ያለውን የመጨረሻ መቶ ሜትር የሚያደርሰው ግን ሰው ነው። መስማት የተሳነው ጎረቤት አለ። በኪራይ ቤት ብቻዋን የምትኖር አራስ አለች። ትናንት ከገጠር መጥቶ የሳይረኑን ትርጉም የማያውቅ የቀን ሠራተኛ አለ። አማርኛ የማይሰማም አለ፤ በኦሮምኛና በሌላም ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ስልክ ያለው ሁሉ ስልኩን ሌሊት አይከፍትም።

ለዚህ የሚሆን ሥርዓት በየሰፈራችን አለ፤ እርሱም እድር ነው። እድር የአባላቱን ቤት አንድ በአንድ ያውቃል። ማን አሮጌ፣ ማን ሕመምተኛ፣ ማን ብቸኛ እንደ ሆነ ያውቃል። ለፋፊውም ጎሕ ሳይቀድ ጥሩምባ እየነፋ በየመንደሩ ይዞራል። ይህ ጥሩምባ ለዘመናት ሞትን ሲነግረን ኖሯል። አሁን ከሞት በፊት እንዲነፋ ማድረግ እንችላለን። የወንዙ መሣሪያ፣ አንቴናውና ሳይረኑ ሁሉ የሚሠሩት ለዚህ ነው፤ ጥሩምባ ነፊው አንድ ሰዓት ቀድሞ እንዲነሣ።

ሳይረኑም የማንም ወገን ምልክት መሆን የለበትም። ከፍ ያለው ጣራ የእኛ የጸሎት ቤት ከሆነ እናበድረው፤ የመስጊድ ሚናራ ወይም የኮንዶሚኒየም ሰገነት ከሆነ በአክብሮት እንለምን። ውኃው የሚገባበትን ቤት ሃይማኖት አይጠይቅም።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በከተማችን በወንዞች ዳርቻ ብዙ ሥራ ተሠርቷል፤ ብዙ ቤተ ሰብም ከወንዝ ዳር ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል። ይህ አደጋውን በአንዳንድ ስፍራ ቀንሶታል። ቢሆንም ቦዩና ጅረቱ በየሰፈሩ አለ፤ ክረምቱም በየዓመቱ ይመጣል። ስለዚህ ዛሬ ማን በየት እንደሚኖርና ማን ለውኃ እንደ ተጋለጠ አሮጌውን ዝርዝር ትተን በእግራችን ሄደን እንደ ገና መመዝገብ አለብን።

7. ከዚህ ስብሰባ የሚጠበቀው

ከዚህ ስንወጣ የሚከተሉትን እንድትፈጽሙ እጠይቃለሁ።

ሀ) እያንዳንዱ አጥቢያ ከሰኔ በፊት ከሰፈሩ እድር ጋር ተቀምጦ የተጋለጡትን ቤቶች ይመዝግብ፤ ለእያንዳንዱ አቅመ ደካማ የሚቀሰቅሰውን ጎረቤት በስም ይወስን።

ለ) ሰው የሚሸሽበት ከፍ ያለ ስፍራ ይለይ፤ የጸሎት ቤት አዳራሽ ከሆነ የበሩ ቁልፍ ሌሊት ማን ዘንድ እንደሚያድር ይታወቅ።

ሐ) ወጣቶች ከድልድይ ሥርና ከቦይ አፍ የተከማቸውን ቆሻሻ በየጊዜው ያንሡ።

መ) የፕሮጀክት ሠራተኞች ከሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶችና ከላይኛው ተፋሰስ አጥቢያዎች ጋር ይነጋገሩ። ባትሪ የሚቀይር፣ መዝገብ የሚይዝና ሌሊት ለሳይረኑ የሚነሣ ሰው በስም ተጽፎ ካልቀረበ የመሣሪያ ግዥ ጥያቄ አይቅረብ።

ከእነዚህ ከአራቱ ሦስቱ ገንዘብም ሬዲዮም አይጠይቁም። መሣሪያው ዘንድሮ ባይመጣ እንኳ የሰዎች ሕይወት ሊድንባቸው ይችላል። መሣሪያው ሲመጣ ደግሞ ቃሉን የሚቀበል ሰው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

 አሁን ወደየአጥቢያችሁ ዝርዝር እንግባ፤ ቁልፉ ማን ዘንድ እንደሚያድር ከመወሰን እንጀምር።